ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው፦ ስለ እንግሊዝ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የሚባለውና እውነቱ

ኢትዮጵያ ውስጥ ተምሮ ያደገ ወላጅ ስለ ትምህርት ሲያስብ ቶሎ የሚመጣበት ማትሪክ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የተለፋበት ሁሉ በጥቂት ቀናት ፈተና ይለካል። ያለፈው መንግሥት ወደ መደበው ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ የወደቀው ሌላ ነገር ይፈልጋል። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ሥርዓት ያለፈ ሰው ለንደን ወይም ማንቸስተር ላይ ልጅ ሲያሳድግም ያንኑ አንድ ትልቅ ፈተና ይጠብቃል። ልጁ 18 እስኪሞላው ታግሶ፣ ያኔ «እንግዲህ ምን ልትማር ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ያኔ ጥያቄው ዘግይቷል። በእንግሊዝ አብዛኛው ነገር መልክ የሚይዘው በ16 ዓመት፣ ልጁ ቀጥሎ የሚማረውን በሚመርጥበት ጊዜ ነው። ገንዘቡን ደግሞ የሚወስነው ቤተሰቡ በአገሩ የኖረበት ዘመንና የያዘው ወረቀት ነው። በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ የምንለዋወጠው ምክር በቅን ልብ የሚሰጥ ቢሆንም ብዙው ከዚህ ጋር አይገጥምም። ልጆቻችን ደግሞ ዋጋ እየከፈሉበት ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ደንብ አላቸው። ግላስጎው ያለ ዘመድ «እኛ ለዩኒቨርሲቲ አንከፍልም» ቢል እውነቱን ነው፤ የስኮትላንድ ነዋሪ እዚያው የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲማር ክፍያውን መንግሥት ይሸፍንለታል። በርሚንግሃም ላለ ልጅ ግን ይህ አይሠራም።

«ዋናው ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ነው፤ እስከዚያ ትምህርት ቤቱ ያውቃል»

ልጁ 16 ዓመት የሚሞላበትን ክፍል፣ ይር ኢለቨንን፣ ሲጨርስ ጂሲኤስኢ ይፈተናል። ውጤቱ ከ9 እስከ 1 በቁጥር ይሰጣል፤ ከፍተኛው 9 ነው። 4 ማለፊያ፣ 5 ጠንካራ ማለፊያ ይባላል። በእንግሊዝኛ ወይም በሒሳብ 4 ያላመጣ ልጅ ከትምህርት አይባረርም። ቀጥሎ የሚማረው ምንም ይሁን ምን ያንን ትምህርት አብሮ ይቀጥላል፣ ኖቬምበር ላይም እንደገና ሊፈተን ይችላል። ስለዚህ በሁለቱ ትምህርቶች 3 ያመጣ ልጅ ፊት ማልቀስ አያስፈልግም። ነገር ግን 4 አምጥቷል ብሎ መዝናናትም አይገባም፤ ምክንያቱም ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች የሚማሩባቸው ብዙ ሲክስዝ ፎርሞች አንድን ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያደርሰው የሁለት ዓመት ኤ-ሌቨል ለማስተማር በዚያው ትምህርት 6፣ በሒሳብና በሳይንስ አንዳንዴም 7 ይጠይቃሉ።

ከዚያ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ኤ-ሌቨል ይመርጣል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ የሚደርሰው ስህተት ነው። ቤተሰቡ ከልጅነቱ ጀምሮ «ዶክተር» እያለ ያሳደገው ልጅ ጓደኞቹ የመረጡትን መርጦ ኬሚስትሪን ይተወዋል፤ ቤት ውስጥ የጠየቀው የለም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ውጤቱ ሁሉ ኤ ቢሆን እንኳ የሕክምናው መንገድ በአብዛኛው ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ኬሚስትሪን ወይም ባዮሎጂን፣ ብዙዎቹም ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ምህንድስና ሒሳብ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም ፊዚክስ ይጨመርበታል። የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ኢኮኖሚክስ ለማስተማር የሒሳብ ኤ-ሌቨል ግዴታ ያደርጋል። ሕግ ግን የሕግ ኤ-ሌቨል አይጠይቅም፤ ታሪክ፣ እንግሊዝኛ ወይም ሒሳብ የተማረ ልጅ ሁሉ ሊገባበት ይችላል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገውን ትምህርት በየኮርሱ ስም ሥር በግልጽ ይጽፋል፤ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ማንበብ ከአንድ ምሽት በላይ አይፈጅም።

ሌላው ደግሞ «አራት ወይም አምስት ቢይዝ ይበልጣል» የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ የሚሰጡት በአብዛኛው በሦስት ኤ-ሌቨል ውጤት ነው። ልጁን በአራት አጨናንቆ ሁሉንም ቢ ከማድረግ ሦስቱን በደንብ መያዝ ይሻላል።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ፦ ማመልከቻው የሚላከው የመጨረሻው ፈተና ከመድረሱ ከወራት በፊት ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚያየው መምህራን «ይህን ያመጣል» ብለው የሚገምቱትን ውጤት ነው። ግምቱ የሚሠራው ደግሞ ልጁ በኤ-ሌቨሉ የመጀመሪያ ዓመት፣ ይር ትዌልቭ ላይ፣ ባሳየው ሥራ ነው። «የመጀመሪያው ዓመት መለማመጃ ነው፣ በሁለተኛው ይበረታል» የሚል ቤት ራሱን ያታልላል።

«16 ከሞላው ሥራ ቢጀምር ማን ይከለክለዋል?»

ሕጉ። ከ2015 ጀምሮ በእንግሊዝ ያለ ልጅ እስከ 18 ዓመቱ በትምህርት ወይም በሥልጠና ላይ መቆየት አለበት፤ ሥራ ቢይዝም ጎን ለጎን መማር ይጠበቅበታል። ትምህርቱ ነጻ ነው። ልጁ ኤ-ሌቨል ወይም ተመጣጣኝ ነገር በሙሉ ጊዜ እየተማረ ከሆነ ለልጅ ማሳደጊያ የሚከፈለው ቻይልድ ቤኔፊት እስከ 20 ዓመቱ ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ልጁ እየቀጠለ መሆኑን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ የወላጁ ሥራ ነው። 16 ሊሞላው ሲል የሚመጣውን ደብዳቤ ሳይመልሱ የቀሩ ሰዎች ክፍያው ይቋረጥባቸዋል። ኮሌጆችም ለጉዞ፣ ለምሳና ለመጽሐፍ የሚሆን በርሰሪ አላቸው። በካውንስል እንክብካቤ ሥር ላለና ለጥቂት ሌሎች ወጣቶች በዓመት እስከ 1,200 ፓውንድ ይደርሳል፣ ለሌሎች ኮሌጁ ገቢን አይቶ ይወስናል። ሳይጠየቅ አይሰጥም።

«ቢቴክና ሙያ ለደከመ ልጅ ነው»

ይህ አባባል ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የዲግሪ ፍቅር ነው፤ ክፋት የለውም፣ ግን አገሩን አያውቅም። ቢቴክ የተባለውን የሙያ ትምህርት ይዘው ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ብዙ ናቸው። በ2020 የተጀመረው ቲ-ሌቨል ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ ከሦስት ኤ-ሌቨል ጋር ይመጣጠናል፣ ቢያንስ 315 ሰዓት በእውነተኛ መሥሪያ ቤት መሥራትን ይጨምራል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችና አንዳንድ ኮርሶች፣ በተለይ ሕክምና፣ እነዚህን ብቻቸውን ስለማይቀበሉ ነው። ልጁ የት መድረስ እንደሚፈልግ በሩቁም ቢሆን ካወቀ መንገዱን ወደኋላ ቆጥሮ ማጣራት ይቻላል።

ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ስሙ ሳይነሳ የሚቀር ትልቅ ዕድል ነው። ወጣቱ ይቀጠራል፣ ደመወዝ ያገኛል፣ እየሠራ ሙሉ ዲግሪ ይይዛል፣ ለትምህርቱ አንድ ፓውንድ አይከፍልም። ስለዚህም ፉክክሩ ብርቱ ነው፤ አንዳንዱን ማግኘት ታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት ይከብዳል። ለደከመ ልጅ ነው የሚለው ሰው አመልክቶ ቢያየው ሐሳቡን ይለውጥ ነበር።

«የእንግሊዝ ፓስፖርት ካለው የክፍያው ነገር አለቀ»

ከሁሉም ውድ የሆነው ተረት ይህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለአገሬው ተማሪ ከፍተኛው ዓመታዊ ክፍያ በ2025/26 የትምህርት ዘመን 9,535 ፓውንድ ነበር። የውጭ ተማሪ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ የዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው፤ በሕክምና ከዚያም ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር የሚያሰምረው ፓስፖርት ብቻ አይደለም። የአገሬው ተብሎ ለመቆጠርና የመንግሥት ብድር ለማግኘት አብዛኛው ተማሪ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት አገሩ ውስጥ በመደበኛነት ኖሮ መገኘት አለበት።

ይህ የኛን ቤት በተለየ መንገድ ይነካል። ልጃቸው ቋንቋውንና ባህሉን እንዲያውቅ፣ ከመንገድ ላይ ጓደኝነትም እንዲርቅ ብለው በ13 ወይም በ14 ዓመቱ አዲስ አበባ የሚልኩ ወላጆች አሉ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ አማርኛውን አጣርቶ የተመለሰ ልጅ ማየትም ደስ ይላል። ነገር ግን በ17 ዓመቱ ተመልሶ በ18 ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ቀይም ይሁን ሰማያዊ ፓስፖርቱ ሦስቱን ዓመት አይሞላለትም። ወላጁ ለጊዜው ውጭ ተመድቦ ሲሠራ አብሮ የሄደ ልጅ ከሆነ መቅረቱ እንደ ጊዜያዊ ሊታይ ይችላል፤ ማስረጃው ግን በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ልጁን የሚልክ ሰው ከ15 ዓመቱ በፊት የሚመለስበትን ቀን ቢያስብ ይጠቅመዋል።

ፓስፖርት የሌላቸውስ? የስደተኛነት መብቱ የታወቀለት ሰው ሦስት ዓመት እስኪሞላው አይጠብቅም፤ ለብድሩ ወዲያው ማመልከት ይችላል። ይህን ባለማወቅ ዓመታት ያባከኑ ወጣቶች አሉ። ጊዜያዊ ፈቃድ ይዘው እዚህ ያደጉ ልጆችም ተስፋ አላቸው። የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በሰጠው ፍርድ ምክንያት ረጅም ጊዜ ለኖሩ የሚሆን መንገድ ተከፍቷል፤ 18 ላልሞላው ሰባት ዓመት፣ 18 ለሞላው የዕድሜውን ግማሽ ወይም ሃያ ዓመት እዚህ መኖር፣ ከዚያም በተጨማሪ ያለፉትን ሦስት ዓመታት በሕጋዊ ፈቃድ መኖርን ይጠይቃል። ውሳኔ እየጠበቀ ያለ ጥገኝነት ጠያቂ ግን ብድሩን አያገኝም፣ አብዛኛውን ጊዜም እንደ ውጭ ተማሪ ይቆጠራል። ለእርሱ ተስፋው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት የሳንክቹዋሪ ስኮላርሽፕ ነው፤ ማመልከቻው ከመደበኛው የተለየ ቀን ስላለው ዩኒቨርሲቲውን በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ስቱደንት ሎን ዕዳ ነው፤ ልጄን በዕዳ አላስጀምርም»

ስሙ ብድር መሆኑ ያስደነግጣል፤ አሠራሩ ግን ከባንክ ብድር የራቀ ነው። ከኦገስት 2023 ወዲህ ትምህርት የጀመረ ሰው የሚመልሰው ከዓመት ገቢው 25,000 ፓውንድ ካለፈው ላይ 9 በመቶ ነው። 30,000 የሚያገኝ ሰው በዓመት 450 ፓውንድ፣ በወር 37.50 ይቆረጥበታል። ሥራ ካጣ አይቆረጥበትም። በር የሚያንኳኳ የለም፣ ወላጅም ዋስ አይሆንም፤ ወላጅ የሚጠየቀው ገቢውን እንዲያሳውቅ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዛል።

የኑሮ ብድሩ ደግሞ የቤተሰብ ገቢ ሲያንስ ይጨምራል። በ2025/26 ከቤት ወጥቶ ለንደን የሚማር ተማሪ እስከ 13,762፣ ከለንደን ውጭ እስከ 10,544፣ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር እስከ 8,877 ፓውንድ ማግኘት ይችል ነበር። ነርስነት የሚማሩ ደግሞ ከዚህ ሌላ በዓመት 5,000 ፓውንድ የማይመለስ ድጋፍ አላቸው።

ነጻ ገንዘብ ነው ማለቴ አይደለም። አርባ ዓመት ረጅም ነው፣ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው የሥራ ዘመኑን አብዛኛውን እየከፈለ ይኖራል። ወለድም አለው፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ይቸገራሉ። በ2017 የወጣ ሕግ ከወለድ ነጻ ለሆነ አማራጭ መንገድ ቢከፍትም እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም። ለእነዚህ ልጆች ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ ከሌሎቹ ይልቅ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባዋል።

«ውጤቱ ካልመጣ በቃ»

የማመልከቻውን ቀን አለማወቅ ከውጤቱ ማነስ በላይ ይጎዳል። ማመልከቻው የዩኒቨርሲቲዎችን ማመልከቻ በሚቀበለው ድርጅት፣ በዩካስ፣ በኩል ነው፤ አምስት ምርጫ ይፈቀዳል፣ ለሕክምና ግን ከአራት አይበልጥም። ለኦክስፎርድ፣ ለካምብሪጅና ለአብዛኛው የሕክምና ትምህርት የሚዘጋው ኦክቶበር 15 ነው፤ ኦክስፎርድንና ካምብሪጅን ባንድ ዓመት አብሮ ማመልከት አይቻልም። ሌላው ጃንዋሪ ላይ ይዘጋል። ለሕክምና የሚያመለክት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዩካት የተባለውን ፈተና በበጋው ወራት መውሰድ አለበት፤ «ሴፕቴምበር ሲገባ እንጠይቃለን» ያለ ቤት ሊያመልጠው ይችላል። በኦገስት ውጤቱ ያነሰበት ልጅ በክሊሪንግ ክፍት ቦታ መፈለግ ይችላል፤ እስከ ኦክቶበር ይቆያል። ዩኒቨርሲቲዎች ልጁ የተማረበትንና የኖረበትን አካባቢ አይተው የሚጠይቁትን ነጥብ የሚቀንሱበት አሠራርም አላቸው። ለንደን የሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ለተወሰኑ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዝቅ ባለ ነጥብ የሚቀበልና አንድ ዓመት የሚረዝም የሕክምና ፕሮግራም አለው።

«ዕድሜው አልፏል»

በ16 ወይም በ17 ዓመቱ ብቻውን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ልጅ ከዚህ በላይ የተጻፈውን ሲያነብ ሁሉም ያመለጠው ሊመስለው ይችላል። አላመለጠውም። ኮሌጆች ለዚህ ዕድሜ የእንግሊዝኛ ኮርስ አላቸው፤ ከዚያ ወደ ሒሳብና ወደ ሙያ ወይም ወደ ጂሲኤስኢ ያሸጋግራሉ። ካውንስል ያሳደገው ወጣት እስከ 25 ዓመቱ አማካሪ ይመደብለታል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ከካውንስሉ 2,000 ፓውንድ ይሰጠዋል። ሶሻል ወርከሩ ካላነሳው ራሱ ያንሳው።

19 ያለፈው ሰው ደግሞ አክሰስ የሚባል ዲፕሎማ አለው። ኤ-ሌቨል ሳይኖረው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነው፤ በነርስነት፣ በሶሻል ወርክ፣ በሕግ፣ በሳይንስና በሌሎች ዘርፎች ይሰጣል። ከ19 እስከ 23 ዓመት ያሉ ብቁ ተማሪዎች የመጀመሪያቸው ከሆነ ክፍያው ይሸፈንላቸዋል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ብድር ይወስዳሉ፤ ዲግሪያቸውን ሲጨርሱም የአክሰሱ ብድር ቀሪው ይሰረዛል። በጽዳት፣ በታክሲ፣ በእንክብካቤ ሥራ አሥር ዓመት ያሳለፉ እናትና አባትም ለዚህ ኮርስ አልዘገዩም። ዋናው ምዝገባ ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ ጃንዋሪ ላይ የሚቀበሉ ኮሌጆችም አሉ።