ስክሪኑ «ያምራል» ሲላችሁ አትመኑት!

እናንተዬ፣ የካሜራ ስክሪን ጉድ ሠርቶኛል። እስቲ ላጫውታችሁ፤ እናንተ እንኳ ትረፉ።

ታናሽ እህቴ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ከእማዬ ጋር ላነሳት ከጓደኛዬ ካሜራ ተዋስኩ። ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ትልቅ ፎቶ አሳጥቤ ሳሎን ልሰቅል አስቤ ነው። ካሜራው ቆየት ካሉት ባለ መስታወት ዲጂታሎች አንዱ ሲሆን ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 ነው። እኔ ደግሞ በቀዳዳዋ አጮልቆ ማየት የሽማግሌ ሥራ መስሎኝ፣ እንደ ስልክ እጄን ዘርግቼ በስክሪኑ እያየሁ... ቀጭ!

በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ፎቶው ጥርት ያለ ነበር። እህቴም አይታ «ሲያምር!» አለች። ሄደች።

ፎቶ ቤት 30 በ40 ሳሳጥበው ጉዱ ወጣ። እማዬ ደረቷ ላይ የያዘችው የነጠላ ጥለት ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ዓይኗ ግን ጭጋግ ለብሷል። ከኋላዋ ያቀፈቻት እህቴማ አይነሳ!

የፎቶ ቤቱ ልጅ ስቆብኝ ሲያበቃ አስረዳኝ። በቀዳዳዋ ስናይ፣ መስታወቱ ብርሃኑን ፎከስ ለመያዝ ብቻ ለተሠራ ክፍል ያካፍላል። በስክሪን ስናይ መስታወቱ ይነሳና ያ ክፍል ይታወራል። ስለዚህ በእነዚህ በድሮዎቹ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ የጥቁርና የነጩ ልዩነት የሚጎላበትን ነጥብ ይፈልጋል። ይዘገያል እንጂ ከያዘ ልክ ነው። ችግሩ ምን ላይ ያዘ ነው! ሳጥኗን መሐል ላይ ትቻት ኖሮ ጥለቱ ላይ አርፋለች፤ ባለ መስመር ነገር ደግሞ ለእሱ ድግስ ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2013 ካወጣው 70ዲ ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ በስክሪንም ፈጣን ናቸው፤ ዓይን ፈልገው የሚይዙም አሉ። የእኛ የውሰት ካሜራ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ሌላው ጥፋቴ ርቀቱ ነው። በአንድ ሜትር ተኩል ላይ በ1.8 ሲነሳ ጠርቶ የሚታየው ውፍረት 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ 4 ባዞረው ኖሮ ከእጥፍ በላይ ይሰፋልኝ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሳጥኗን ወደ እናንተ በቀረበው ዓይን ላይ ግፏት። ከዚያ የመደመር ምልክት ያለባትን የማጉያ ቁልፍ ጫኑ፤ ብዙዎቹ ካኖኖች 5 እና 10 ጊዜ ያጎላሉ። ሽፋሽፍቱ እስኪለይ እዩ። መጫኛውን ግማሽ ተጭናችሁ ሳጥኗ አረንጓዴ ስትሆን፣ ሳትወዛወዙ አንሱ። የተዘረጋ እጅ ይወዛወዛል፤ ክርናችሁን ከጎናችሁ ለጥፉት። ካነሳችሁም በኋላ ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት፤ ሰዎቹ ገና ከፊታችሁ ሳይነሱ!

ባለፈው እሑድ እህቴ ደውላ «ፎቶው ተሰቀለ?» አለችኝ። «ፍሬም እየተሠራለት ነው» አልኳት። እማዬ አጠገቤ ቡና እየቆላች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ምጣዷ ተመለሰች።