በአሥር ዶላር የተሸጠችው ኳስ

አንድ ታዋቂ ሰው ባረፈ ቁጥር ለዝግጅት ክፍላችን የሚደርሰው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ይነሣና ሹመቱን፣ ሽልማቱን ደርድሮ ያበቃል። ሟቹን ግን የትም አናገኘውም። ለምን ሲባሉ የሚጽፉት ወጣቶች «ጊዜ አጥሮን ነው» ይላሉ። ያን ጊዜ አሜሪካዊውን የጋዜጣ ዓምደኛ ማይክ ሮይኮን አነሣላቸዋለሁ።

ሮይኮ የቺካጎ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከሚያስተዳድሩት መጠጥ ቤት በላይ ባለው ቤት ያደገ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በከተማዋ ጋዜጦች በዴይሊ ኒውስ፣ በሰን ታይምስና በትሪቢዩን፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ጻፈ። በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) በ64 ዓመቱ ሲሞት ከ7,500 በላይ መጣጥፎች ትቷል።

ኦክቶበር 24 ቀን 1972 ጃኪ ሮቢንሰን ሞተ። የቤዝቦልን ትልቅ ሊግ የዘር አጥር በ1947 የሰበረው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ስለ እሱ የሚደረደር ታሪክ ሞልቷል። ሮይኮ ግን በማግስቱ የጻፈው በ14 ዓመቱ ሮቢንሰንን ለማየት ሪግሊ ፊልድ ስታዲየም ስለገባበት ቀን ነበር። ጥቁሮቹ ተመልካቾች የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን አስወልውለው መጥተዋል። እንደ ተረከው፣ ሮቢንሰን የመታት ኳስ ከሜዳ ወጥታ ሮይኮ እጅ ገባች። አንድ ጥቁር ሰው በአሥር ዶላር ገዛት፤ ያን ጊዜ ለልጅ ትልቅ ገንዘብ።

ያችን ኳስ ሃያ አምስት ዓመት በልቡ ይዟት ነበር። በየቀኑ ግን እንዲህ ያለ ስንቅ አይገኝም፤ ለሌላው ቀን ስልኩን የሚደውሉ፣ ነገሩን የሚያጣሩ ረዳቶች ነበሩት። በቬትናም ፊቱ የተጎዳ ወታደር ለሕክምናው ክፍያ ተከልክሎ ሮይኮ ሲጽፍለት፣ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውሳኔውን የቀየረው የመጣጥፉ ወግ ስላማረ ሳይሆን ዝርዝሩ የማይካድ ስለነበር ነው ብዬ አምናለሁ። ወሬ የጠፋ ቀን ደግሞ ስላትስ ግሮብኒክ የተባለ የፈጠራ ወዳጁን ያናግረዋል። ስላትስን ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔን አንዳንዴ ይሰለቸኛል።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምለው አጭር ነው፦ ለሟቹ ልብስ ሰፊ፣ ለሾፌሩ፣ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደውሉ። ከሦስት ጥሪ በኋላ አንዱ የሚያውቀው ነገር አለው።

ሮይኮ ራሱም ሁልጊዜ አልተሳካለትም። በ1996 በሜክሲኮ ላይ የጻፈውን ሽሙጥ ብዙዎች እንደ ስድብ ወሰዱት፤ ትሪቢዩን ሕንፃ ፊት ለፊት ሰልፍ ተወጣበት። ደጋፊዎቹ አንባቢው ቀልዱ አልገባውም አሉ። እኔ ግን ጽሑፉን ደጋግሜ ሳየው በውስጡ ስም ያለው፣ የሚናገር አንድም ሜክሲኳዊ ጎረቤት የለበትም፤ ከወንበሩ ሳይነሣ የጻፈው ይመስለኛል።