ስም የሌለው መዝገብ በፎገራ ሜዳ

የሕመምተኛን ምስጢር ለመጠበቅ ስሙንና የካርድ ቁጥሩን መሰረዝ ይበቃል የሚለው እምነት ከተናጋ ቆይቷል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ላታኒያ ስዊኒ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ስም የተሰረዘበትን የማሳቹሴትስ የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ በ20 ዶላር ከተገዛ የመራጮች መዝገብ ጋር አመሳክራ የአገረ ገዢውን የዊልያም ዌልድን መዝገብ ለየች። የልደት ቀን፣ ፆታና የፖስታ አድራሻ ቁጥር በቂ ነበሩ። እኛ ዘንድ የዚያን ቦታ የሚይዘው ቀበሌ ነው፤ ነዋሪው እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅም መዝገብ ማመሳከር እንኳ አያስፈልግም። ለምሳሌ በ1997 ዓ.ም. የፎገራ ወረዳ አጎራባች በሆነው በሊቦ ከምከም ካላዛር የተባለው በሽታ ሲቀሰቀስ ከተጠረጠሩት የመግቢያ መንገዶች አንዱ ወደ ሁመራና መተማ የቆላ እርሻዎች ወርደው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው መገኘታቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ አንድ ሠንጠረዥ ዕድሜን፣ ፆታን፣ ወደ ቆላ መውረድን፣ ሁለቱን ሕመሞችና ቀበሌውን አንድ መስመር ላይ ቢያሰፍር፣ የሰውየውን ማንነት ለማወቅ የገበያ ቀን ወሬ ይበቃል።

ገበሬ የጥናት ሠንጠረዥ አያገላብጥም የሚል ይኖራል። መምህሩ፣ የቀበሌው ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር የሚማረው ልጅ ግን ያገላብጣሉ፤ ለአንድ ሰው መገለል ደግሞ አንድ አንባቢ በቂ ነው። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ መረጃ መደበቅም ይገድላል። የሊቦ ከምከሙ ወረርሽኝ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ታልፏል፤ በዚያ መሀል ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ወረርሽኝ የሚያስቆመው ለሚመለከተው ባለሙያ በፍጥነት የሚደርስ ዝርዝር እንጂ ለማንም ክፍት የሆነ ዝርዝር አይደለም።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በዚህ ረገድ ጥሩ ልምድ አለው። የናሙና ቦታዎችን የጂፒኤስ ነጥብ ለተመራማሪዎች ከመስጠቱ በፊት በከተማ እስከ 2፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር ሆን ብሎ ያዛንፋል፤ ከመቶ የገጠር ነጥቦች አንዱን እስከ 10 ያርቃል። ጥበቃው ዋጋ ያስከፍላል፤ በፎገራ ሜዳ 5 ኪሎ ሜትር የርብ ወይም የጉማራ ወንዝ ከሚያጥለቀልቀው መንደር ወደ ደረቁ ኮረብታ ሊያሻግር ይችላል፣ ጎርፍና ወባን የሚያጠናውንም ያሳስታል። ስለዚህ ትክክለኛው ነጥብ ኃላፊነት ፈርሞ ለሚወስድ ተመራማሪ ብቻ ቢሰጥ ይሻላል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። የሚቀረው የዕለት ሥራ ነው፦ ሠንጠረዥ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ መስመር ስንት ሰው እንደሚጋራው መቁጠር፣ ጥቂት ከሆኑ ቀበሌውን ወደ ወረዳ፣ ዕድሜውን ወደ ሰፊ ክልል ማስፋት፤ ቆጠራውንም ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሳይሆን አካባቢውን የሚያውቅ ሌላ ባለሙያ እንዲያየው ማድረግ።