የዴቢያን የባግ መዝገብ

በዴቢያን የባግ (የሶፍትዌር ስህተት) መዝገብ ላይ ማንም ሰው፣ አባል ሳይሆን፣ የይለፍ ቃልም ሳይጠየቅ፣ በአንድ ኢሜይል ብቻ ከባድ የተባለውን ስህተት ቀላል፣ ቀላል የተባለውን ከባድ ማድረግ ይችላል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ እብደት ይመስለዋል። መዝገቡ ግን ኢያን ጃክሰን የተባለ ፕሮግራመር በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከጻፈው ጊዜ አንሥቶ በዚሁ ልማድ ሲሠራ ኖሯል።

ዴቢያን ሊነክስን መሠረት ያደረገ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ በ1993 ኢያን መርዶክ ጀመረው፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ኡቡንቱም ከእሱ የተቀዳ ነው። ባለቤት ኩባንያ የለውም። በሺዎች የሚቆጠሩ የሶፍትዌር ጥቅሎችን የሚንከባከቡት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ1997 ያጸደቁት ማኅበራዊ ውል ችግርን ላለመደበቅ ቃል ያስገባቸዋል፤ የስህተት መዝገቡም ሁልጊዜ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቆማ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የራሱ የኢሜይል አድራሻ ይኖረዋል፣ በዚያ አድራሻ የተጻፈው ሁሉ ለማንም ይነበባል። ተንከባካቢው የተናደደበት መልስ እንኳ ሳይቀር ለዓመታት እዚያው ተቀምጦ ይገኛል።

ጥቆማ ለመላክ ሪፖርትባግ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። የጥቅሉን ቨርዥንና ጥቅሉ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ጥቅሎች ራሱ ይሰበስባል፤ የቀረውን ግን ሰው መጻፍ አለበት፣ ብዙ ጥቆማም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደሚል በሽተኛ፣ «አማርኛ አይሠራም» ብሎ የሚልክ አለ። የመጫኛ ፕሮግራሙ ነው? ፎንቱ? ኪቦርዱ? ማንም አያውቅም። በአንጻሩ «ሊብሬኦፊስ ራይተርን ከፍቼ፣ በዚህ ፎንት ኳ የሚለውን ፊደል ስጽፍ ባዶ ሳጥን ይወጣል፤ ፎንቱን ስቀይር ይስተካከላል» የሚል ጥቆማ ቢመጣ፣ አንድም የአማርኛ ፊደል የማይለይ ተንከባካቢ እንኳ ደረጃ በደረጃ ተከትሎ ያንኑ ሳጥን በራሱ ስክሪን ላይ ማየት ይችላል። ምን አደረግሁ፣ ምን ጠበቅሁ፣ ምን ሆነ፦ ፑቲ የተባለውን ፕሮግራም የጻፈው ሳይመን ታተም በ1999 ባወጣው ጽሑፍ አጥብቆ የሚመክረው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ተንከባካቢው ስህተቱን በራሱ ማሽን ላይ ሊደግመው ካልቻለ «ሊደገም አልቻለም» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል፤ መረጃ ከጎደለውም «ተጨማሪ መረጃ» ይለዋል። ጠቋሚው መልስ ሳይሰጥ ከጠፋ ባጉ እዚያው ይደርቃል።

ከዚያ ክብደቱ ይመጣል። ደረጃዎቹ ሰባት ናቸው። ክሪቲካል የሚባለው ከጥቅሉ ጋር የማይገናኝ ሌላ ሶፍትዌርን ወይም መላውን ሲስተም የሚሰብር፣ ከባድ የመረጃ ጥፋት የሚያደርስ ወይም ጥቅሉ በተጫነበት ማሽን ሁሉ የደኅንነት ቀዳዳ የሚከፍት ነው። ግሬቭ ጥቅሉን ራሱን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል፤ ሲሪየስ የዴቢያንን ደንብ ክፉኛ ይጥሳል። ከእነዚህ በታች ኢምፖርታንት፣ ኖርማልና ማይነር ይከተላሉ። በመጨረሻ ዊሽሊስት አለ፤ ምኞት ማለት ይቻላል። ተርጓሚዎች ሥራቸውን የሚልኩት ብዙ ጊዜ በዚሁ በር ስለሆነ፣ የአንድ ፕሮግራም የአማርኛ ትርጉም በመዝገቡ ላይ የሚገባው እንደ ምኞት ተቆጥሮ ነው። ከሥር ካልተነቀለ የማይጠገን የንድፍ ጉድለትም እዚያው ይጣላል። ከባድ ስለሆነ ብቻ ቀላል የተባለ ችግር መኖሩ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር በዚህ መዝገብ ላይ ክብደት እንጂ ቅድሚያ የሚባል ሣጥን አለመኖሩ ነው። የፋየርፎክስ ሰዎች የሚጠቀሙበት ባግዚላ ሁለቱንም ለያይቶ ይመዘግባል፦ ክብደት ስህተቱ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ቅድሚያ ደግሞ ማን መቼ እንደሚሠራው ይናገራል። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ሠራተኛ አለው፣ ደመወዝ ይከፍላል፣ «ይህን አስቀድም» ሊል ይችላል። የዴቢያን ተንከባካቢ ግን ከሥራ መልስ፣ ልጆቹን አስተኝቶ የሚቀመጥ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ማንም አያዘውም። ያለው ማስገደጃ አንድ ነው። የላይኞቹ ሦስት ደረጃዎች ዕትም አጋጆች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ባግ ያለበት ጥቅል ቀጣዩ ዕትም ከሚዘጋጅበት ክፍል ሊወገድ ይችላል። ሌላ አባል ደግሞ ተንከባካቢው ዝም ካለ እጁን አስገብቶ ሊያስተካክል ደንቡ ይፈቅድለታል። ደረጃ የመቀየሩ ነፃነትም በዚህ ይለጎማል፤ የመጨረሻው ቃል የተንከባካቢውና የዕትም ኃላፊዎቹ ስለሆነ፣ ደረጃ እየቀያየሩ የሚጎተጉቱ ሰዎች ብዙም አይራመዱም።

የክብደት ደረጃ ግን የወደፊቱን አያሳይም። በ2006 አንድ ሰው ቫልግሪንድ የተባለው የፕሮግራም መመርመሪያ ለምስጠራ በሚያገለግለው በኦፕንኤስኤስኤል ላይ ማስጠንቀቂያ እንደሚያበዛ ጠቆመ፤ ማንንም የማይጎዳ ጫጫታ ነበር። ተንከባካቢው የኦፕንኤስኤስኤል ሰዎችን ጠይቆ፣ ማስጠንቀቂያውን ያመጡትን መስመሮች አወጣቸው። ከመስመሮቹ ጋር ግን ምስጢራዊ ቁልፎችን የማይገመቱ የሚያደርጋቸው የዘፈቀደ ግብዓት አብሮ ወጣ፤ የቀረው የፕሮሰሱ ቁጥር ብቻ ሆነ፣ እሱም ከ32,768 አይበልጥም። ሉቺያኖ ቤሎ ነገሩን አግኝቶት በግንቦት 2008 ይፋ እስኪሆን ድረስ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የተሠሩ ቁልፎች በቀላሉ የሚገመቱ ነበሩ።

በ2024 ቫልግሪንድ ተመልሶ መጣ። ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል ማመቂያ ለዓመታት ብቻውን የተሸከመውን ተንከባካቢ፣ በ2022 የማይታወቁ ስሞች «ሥራው ዘገየ፣ ሌላ ሰው ይተካ» እያሉ አስጨነቁት፤ ረዳት ሆኖ የቀረበው ሰው በጊዜ ሂደት ፕሮግራሙ ውስጥ የተደበቀ በር ከፈተ። ጠያቂዎቹ እውነተኛ ሰዎች እንዳልነበሩ ይጠረጠራል። በመጋቢት 2024 መጨረሻ ላይ ደግሞ አዳዲስ ስሞች የዴቢያንን የባግ መዝገብ ራሱን ተጠቅመው በሩ ያለበት 5.6.1 የተባለው ቨርዥን ቶሎ እንዲገባ ወተወቱ። ጥያቄው በመልክ ከሌሎቹ ጥቆማዎች አይለይም ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድሬስ ፍሮይንድ፣ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አልሚ፣ በዴቢያን ማሽኑ ላይ በኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያ) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ቀደም ሲል አይቶት የነበረው የቫልግሪንድ ቅሬታም ትዝ አለው፤ ፍለጋውም ኤክስዜድ ውስጥ ወደተደበቀው በር አደረሰው። ለሕዝብ ከመጻፉ በፊት ለዴቢያን የደኅንነት ቡድን በግል አሳወቀ፤ የደኅንነት ቀዳዳ ከክፍት መዝገብ የሚገለልበት ልማድ ይህ ነው። መጋቢት 29 ቀን ሁሉም ይፋ ሲሆን፣ በዴቢያን በኩል በሩ የገባው ገና በሙከራ ላይ ባሉት ክፍሎች ብቻ ነበር፤ ወደ ተረጋጋው ዕትም አልደረሰም። የጥቅል ማስተዳደሪያው ወደ ኋላ መመለስን እንደ ማዘመን ስለማይቆጥር፣ ዴቢያን የድሮውን ኮድ የላከው ከተመረዘው ከፍ ያለ ቁጥር ሰጥቶ ነው፦ 5.6.1 ብሎ ጀምሮ፣ ቀጥሎ «በእውነቱ 5.4.5» የሚል ጨመረበት።