ማን ሰፋልሽ?

«ለአንድ ምሽት ዳንስ ይሄን ሁሉ ብር?» አለች አንዲት ወዳጄ፣ ልብስ ሰፊው የጠራባትን ዋጋ ስትሰማ። ዳንሱን ልትተወው ምንም አልቀራት። ኋላ ግን ከሳልባጅ አንድ አሮጌ የእራት ቀሚስ ገዛች። ስፌቱን በምላጭ ፈታች፣ ቁርጥራጩን ጋዜጣ ላይ ዘርግታ ልኩን አወጣች። ትምህርት ቤቷ ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ሥራዋ ግን ጉድ አደረጋት። ልምምድ ላይ ክንዷን ስታነሳ ብብቷ ሥር ቷ! አለ። የሚለጠጥ ጨርቅ በቀጥታ ስፌት ሰፍታው ኖሯል፤ ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ ተበጠሰ። እንዲህ ያለው ጨርቅ ዚግዛግ ይፈልጋል።

በሰያፍ የተቆረጠ ቀሚስ ከሆነ ደግሞ ታችኛውን ጠርዝ ቶሎ አትዘምዝሚው። ቢያንስ አንድ ሌሊት ተሰቅሎ ይደር፤ በክብደቱ ይወርዳል፣ ያኔ አስተካክለሽ ቁረጪ። ዶቃና ድንጋይ መጨረሻ ነው፤ ቀድመሽ ስፌቱ መንገድ ላይ ከለጠፍሽው መርፌ ይሰብርብሻል። የአጋርሽ እጅ በሚያርፍበት ጀርባሽ ላይም አታብዢ፣ ይቧጭረዋል።

በመጨረሻ ቤትሽ ለብሰሽው ጨፍሪ፤ ዙሪ፣ ቁጭ በይ፣ እጅሽን አንሺ። የሚቀደድ ከሆነ እዚያው ይቀደድ!

ወዳጄን ዛሬ «ማን ሰፋልሽ?» ሲሏት መልስ አትሰጥም። መርፌ የወጋቸውን ጣቶቿን ታሳያለች።