ማይክሮፎኑን የያዘው አባት

የስፖርት ጋዜጠኛ ለማንም አያደላም ይባላል። ተወዳዳሪው የገዛ ልጁ ሲሆንስ? ይህ ፈተና በሚሊዮኖች ፊት የገጠመው አሜሪካዊው ኔድ ጃሬት ነው።

ኔድ እ.ኤ.አ. በ1932 በሰሜን ካሮላይና፣ ኒውተን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሆመር እንጨት መሰንጠቂያ ነበራቸው፤ ልጃቸውም እዚያው ይሠራ ነበር። ልቡ ግን የቤት መኪና በሚመስሉ ተሽከርካሪዎች በሚካሄደው የስቶክ ካር ውድድር ላይ ነበር። ያን ጊዜ የውድድሩ ስም ከድብቅ መጠጥ አመላላሾች ጋር ይነሣ ስለነበር፣ አባት የውድድር መኪና ቢኖርህ ግድ የለኝም፣ አንተ ግን እንዳትነዳ አሉት።

አንድ ቀን የመኪናው ባልደረባ ጆን ሌንትዝ ታመመ። ኔድ በሌንትዝ ስም ገብቶ ነዳና ሁለተኛ ወጣ። በዚሁ በተውሶ ስም ቀጥሎ ሲያሸንፍ ግን ወሬው አባት ጆሮ ደረሰ። ሆመር መንዳትህ ካልቀረ በራስህ ስም ንዳ አሉት።

በ1959 ሁለት ሺህ ዶላር የሚያወጣ ፎርድ ሲገዛ ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ አልነበረውም። ባንክ ከተዘጋ በኋላ ቼኩን ቆረጠ፤ በዚያው ቅዳሜና እሑድ ሁለት ውድድር አሸንፎ ቼኩን ደረቅ ከመሆን አዳነው። ከዚያም በ1961 እና በ1965 የናስካር ሻምፒዮን ሆነ፤ በጠቅላላው 50 ጊዜ አሸነፈ።

ሙያው ደስታ ብቻ አልነበረም። በ1964 ቻርሎት ላይ በተፈጠረ ግጭት መኪናዎች ሲቀጣጠሉ፣ ኔድ ፋየርቦል ሮበርትስን ከእሳቱ ውስጥ ለማውጣት ረዳ። ሮበርትስ ግን ከሳምንታት በኋላ ሕይወቱ አለፈ። ኔድ በ1966፣ ገና በ34 ዓመቱ፣ የሻምፒዮንነት ክብሩ ሳይደበዝዝ ውድድር አቆመ።

የገጠር ልጅ ስለነበር በሰው ፊት መናገር ይከብደው ነበር። ስለዚህ ገና ተወዳዳሪ ሳለ የዴል ካርኔጊን የንግግር ትምህርት ተከታተለ። ያ ትምህርት በኋላ እንጀራው ሆነ። በሬዲዮ፣ ቀጥሎም በሲቢኤስና በኢኤስፒኤን ቴሌቪዥን ረጋ ባለና ትሑት አነጋገሩ ተወደደ። ጨዋው ኔድ የሚል ቅጽልም ወጣለት።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1993 ኔድ 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍነውን ታላቁን የዴይቶና 500 ውድድር በሲቢኤስ ከሚያስተላልፉት አንዱ ነበር። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ልጁ ዴል ጃሬት ከዝነኛው ዴል ኧርንሃርት ጋር ተናንቆ ነበር። የሥርጭቱ ኃላፊ በጆሮ ማዳመጫው አሁን አባት ሁን አለው፤ የሥራ ጓደኞቹም ዝም ብለው ማይክሮፎኑን ለቀቁለት።

ኔድም ዘጋቢነቱን ለጊዜው ተወው። ልጁ ይሰማው ይመስል በርታ፣ ውስጠኛውን መስመር አትልቀቅለት እያለ አበረታታው። እናቱ ማርታ እዚያው መወዳደሪያ ስፍራ በቆመ መኪና ውስጥ ሆና በጭንቀት ስትከታተል ካሜራው አሳያት። ዴል ቀድሞ ገባ፤ ተመልካቹም ከአባትየው ጋር አብሮ ፈነጠዘ።

ኔድ ግን ሕሊናው አላረፈም። ዓይን ያወጣ አድልዎ እንደፈጸመ ስለተሰማው ኧርንሃርትን ይቅርታ ጠየቀ። ተሸናፊው ምንም አልተቀየመም፤ እኔም እኮ አባት ነኝ አለው።

ዴል በ1999 እንደ አባቱ ሻምፒዮን ሆነ። ልጅ የመረጠው መንገድ ወላጅን ሊያስፈራ ይችላል፤ የሆመርም ስጋት ከንቱ አልነበረም፣ የ1964ቱ እሳት ምስክር ነው። ሆኖም ልጃቸው ከእሳቸው ተደብቆ በሰው ስም ከሚነዳ፣ እያወቁት በራሱ ስም ቢነዳ መረጡ። የልጅ ልጃቸው ዴይቶና ላይ ሲያሸንፍ ለዓለም የተነገረው ስምም ይኸው ስም ነው፤ ጃሬት።