ወተት ለማይስማማሽ እኅቴ

ዛሬ ስለ ሆድሽ እንነጋገር።

ጠዋት ተነሥተሽ የልጆቹን ቁርስ ታቀርቢያለሽ። ከጀበናው የተረፈውን ሻይ በሐሊብ ከዳቦ ጋር ቀመስ አድርገሽ ሥራሽን ትጀምሪያለሽ። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ያህል ሲያልፍ ሆድሽ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ቁርጠት ይይዝሻል። መጥረጊያውን ጥለሽ ወደ መጸዳጃ ቤት ትሮጫለሽ። «የት ጠፋሽ?» ስትባዪ ደግሞ መልሱ ያሳፍርሻል።

አንዷ ጓደኛሽ «ጨጓራ ነው» ትልሻለች። ሌላዋ «አሜባ ነው» ብላ ከራሷ ክኒን ታካፍልሻለች። ሦስተኛዋ «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። አንቺም የጂዛን ሙቀት ወይም የአገር ናፍቆት ነው ብለሽ ዝም ትያለሽ። «በሽተኛ ናት ብለው ወደ አገሬ ይመልሱኛል» የሚለው ፍርሃት ከቁርጠቱ ይብሳል። ለመሆኑ እኅቴ፣ ከመታመምሽ በፊት ምን እንደጠጣሽ አስተውለሽ ታውቂያለሽ?

ነገሩ ምንድን ነው?

በወተት ውስጥ ላክቶዝ የሚባል ስኳር አለ። ይህን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባል ንጥረ ነገር የሚገኘው በትንሹ አንጀታችን ውስጥ ነው። ጡት በምንጠባበት ዘመን በብዛት ይኖረናል፤ ካደግን በኋላ ግን በብዙዎቻችን ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ውኃ ይስባል፤ በዚያ ያሉት ባክቴሪያዎችም ያቦኩታል። ሊጥ ሲቦካ አረፋ እንደሚያወጣ ሁሉ ሆድሽም በጋዝ ይነፋል። ተቅማጡም ከዚሁ ይመጣል።

ይህ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ ለሥራም ብቁ አያሰኝም ማለት አይቻልም። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ላክቶዝን በሚገባ መፍጨት አይችሉም።

«ታዲያ ማዳምና ልጆቿ በብርጭቆ ሲጠጡ ለምን ምንም አይሆኑም?» ትዪ ይሆናል። በዐረብ ምድር ብዙ ሰዎች አዋቂ ከሆኑም በኋላ ወተት ለመፍጨት የሚያስችል የዘር ውርስ አላቸው። ተመራማሪዎች ይህን ከግመል ማርባት ጋር ያያይዙታል። በእኛም አገር እንዲህ ያለ ውርስ ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያውያን ዘንድ አንድ ሳይሆን ልዩ ልዩ ዓይነት ሆኖ እንደሚገኝ አሳይቷል። ስለዚህ አንዷ ስትችል ሌላዋ አለመቻሏ የሚያስገርም አይደለም። ማዳምም አልዋሸችም፣ አንቺም አልሞላቀቅሽም።

መመርመሪያውን ከቤትሽ ይዘሽ መጥተሻል

በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ወተትና ቅቤ አይቀመስም። እስኪ አስቢው፤ በጾም ወራት ሆድሽ ሰላም አግኝቶ ከፋሲካ በኋላ ነበር የሚነሣብሽ? በርግጥ በፋሲካ ሥጋውም ቅባቱም ስለሚበዛ በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። በደንብ ለማወቅ ለሁለት ሳምንት ወተትንና ወተት የገባበትን ሁሉ ተዪ። ከዚያም ሌላውን ምግብሽን ሳትለውጪ አንድ ብርጭቆ ወተት ሞክሪ። ሕመሙ ሄዶ ከተመለሰ ምክንያቱን አገኘሽው ማለት ነው። ሐኪም ቤትም በትንፋሽ የሚደረግ ምርመራ አለ።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ከባድ ተቅማጥ ወይም እንደ ጃርዲያ ያለ ጥገኛ ተሕዋስ አንጀትን ሲጎዳ ወተት ለጊዜው አልስማማ ይላል፤ አንጀት ሲድን ግን ይመለሳል። ክኒን ከጓደኛ መቀበል ትተሽ ሰገራሽን ተመርመሪ የምንልሽም ለዚህ ነው።

በማዳም ማድ ቤት ምን ይስማማሻል?

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ሐሊብ ማለት ያልረጋ ወተት ነው። ለበን የሚጠጣው ጎምዛዛ ነው፤ ዘባዲ ደግሞ እንደ እርጎአችን የረጋው ነው። በሁለቱ ላይ ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ ከፊሉን ስለበሉት ለብዙ ሰው ከሐሊብ ይሻላሉ። በጥቂቱ ጀምረሽ ሆድሽን እዪው።

የዱቄት ወተት ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ይኸው ስኳር ነው። ለሻይ የሚጨመረው የጣሳ ወተትም ተነንቶ የወፈረ ስለሆነ ስኳሩ ይበዛል። የግመልና የፍየል ወተትም ላክቶዝ አላቸው፤ «የግመል ነው፣ አይጎዳሽም» ብትባዪ አትታለዪ። ንጥር ቅቤ፣ እነርሱ ሰምን የሚሉት፣ ከላክቶዝ ነጻ ነው ለማለት ይቻላል። ቆይቶ የደረቀ አይብም ጥቂት ብቻ አለው።

ሁሉን መተውም ግድ አይደለም። ብዙ ሰዎች አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ማለትም 12 ግራም ያህል ላክቶዝ፣ ከምግብ ጋር ቢወስዱ ብዙም አይታመሙም። በባዶ ሆድ መጠጣት ነው የሚብሰው። በሱቅም ላክቶዝ የወጣለት ወተት ይሸጣል፤ ማሸጊያው ላይ «ኻሊ ሚን አል-ላክቶዝ» ይላል።

ጂዛን ደግሞ ለሆድሽ የተመቸ አገር ነው። የማሽላው ኸሚር ዳቦ እንደ እንጀራችን የቦካ ነው። ፉልና ምስር፣ የቀይ ባሕር ዓሣ፣ ማንጎ፣ ሙዝና ፓፓያ አለልሽ። በፍስክ ቀን ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሰምንና ማር የሚገባበት ማርሳም ይስማማሻል። ለሻይ በሐሊብ ምትክ ቡና አለ፤ የአካባቢው የኸውላኒ ቡና አመራረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ያለ ወተት ይጠጣል። ከአገር ሽሮና በሶ ከመጣልሽማ እሰየው!

አጥንትሽን አትርሺ

ወተት ስትቀንሺ ካልሲየም ከሌላ ቦታ ማግኘት አለብሽ። ሰሊጥና ጠሒና፣ ከነአጥንቱ የሚበላ የጣሳ ሰርዲን፣ ጎመንና ጀርጂር ይጠቅሙሻል። ካልሲየሙ ከሰውነት ጋር እንዲዋሐድ ግን የፀሐይ ቫይታሚን የሚባለው ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። በመስተዋት በኩል የሚገባው ፀሐይ ይህን አያስገኝም። ልብስ ስታሰጪ ሙቀቱ ሳይበረታ ክንድሽን ጥቂት ፀሐይ አስነኪው።

እንዴት ትናገሪያለሽ?

አትደብቂ። «ሐሊብ ይወጅዕ በጥኒ» ብትዪ «ወተት ሆዴን ያመኛል» ማለት ነው። «ማ ይናስብኒ» ደግሞ «አይስማማኝም» ነው። ሰበብ የምትፈጥሪ እንዳይመስላቸው ምን መብላት እንደምትችዪም ጨምረሽ ንገሪያቸው። ተቅማጥ ከያዘሽ በዚያ ሙቀት ፈሳሽ እንዳያልቅብሽ ውኃና ኦአርኤስ ጠጪ።

ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ከከሳሽ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ግን ወተት ነው ብለሽ አትተዪው፤ ሐኪም ይይሽ። የጤና ጥበቃው የምክር ስልክ 937 ነው። ወተት ቀምሰሽ ከንፈርሽ ካበጠ፣ ሰውነትሽ ሽፍ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ያ አለርጂ ነው፤ ሕይወትን ያሰጋል። ሳትዘገዪ በ997 አምቡላንስ ይጠራልሽ።

እኅቴ፣ ለሰው ልጅ ምን እንደሚስማማ ለይተሽ ስታበዪ ትውያለሽ። ለራስሽም እንዲሁ አድርጊ፤ አደራ!